ተሙጂን የሚባለው ልጅ እንዴት ጄንጊስ ካን እንደ ሆነ

ሞንጎሊያ የምትባለው አገር በእስያ ክፍለ ዓለም በሩስያና በቻይና መካከል ትገኛለች። ባሕር አይደርስባትም። አብዛኛው መሬቷ የሣር ሜዳ ነው፤ ደቡቡ ደግሞ ጎቢ የሚባል በረሃ ነው። ብርዱ ያስደነግጣል። በብርዱ ወራት ወንዙ ከዳር እስከ ዳር በረዶ ሆኖ ስለሚጋገር ሰው ከነፈረሱ በላዩ ይሻገራል። ዝናቡ ጥቂት ስለ ሆነ የጥንት ሞንጎሎች እምብዛም አያርሱም ነበር። ኑሯቸው ከብት ማርባት ነው። ፈረስ፣ በግ፣ ፍየል፣ ላም፣ ግመል ያረባሉ። ሣሩ ሲያልቅ ቤታቸውን ነቅለው በጋሪ ጭነው ወደ ሌላ ግጦሽ ይሄዳሉ። ቤት ስንል ድንኳን ማለታችን ነው። የበግ ፀጉር እየረጠበ ሲወቀጥና ሲጠቀለል ብርድ የማያስገባ ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ ይወጣዋል። ድንኳናቸውን የሚሠሩት ከሱ ነው።

የዛሬ 800 ዓመት ገደማ ከዚህ የሣር ሜዳ አንድ ሰው ተነሣ። ዓለም የሚያውቀው ጄንጊስ ካን በሚለው ስሙ ነው። እሱ፣ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ የያዙት ግዛት ከቻይና ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ እስከ ምሥራቅ አውሮፓ ይደርስ ነበር። መሬቱ ሳይቋረጥ በተያያዘ ግዛት ከሆነ፣ በዓለም ታሪክ ከዚህ የሰፋ አልታየም። ነገር ግን ሞንጎሎቹ በዚያን ጊዜ ሁሉም ተቆጥረው አንድ ሚሊዮን እንኳ አይሞሉም ነበር ተብሎ ይገመታል። ቻይና ደግሞ ወደ መቶ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ነበራት። ታዲያ ጥቂቱ ብዙውን እንዴት አሸነፈ? ይህን ለመረዳት ከሰውዬው ልጅነት እንነሣ።

(አንድ ነገር አስቀድመን እንንገራችሁ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የአውሮፓው ከእኛው በ7 ወይም በ8 ዓመት ይበልጣል።)

ልጁ በ1162 ገደማ ኦኖን በሚባል ወንዝ አጠገብ ተወለደ። ተሙጂን ተባለ። አባቱ የሱጌይ የአንድ ጎሣ አለቃ ነበር። እናቱ ሆኤሉን ትባላለች። የሱጌይ ሆኤሉንን ያገኛት ሽማግሌ ልኮ አይደለም። መርኪት ከሚባለው ነገድ አንድ ሰው አግብቷት ወደ አገሩ ሲወስዳት፣ የሱጌይ ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ መንገድ ላይ ጠለፋት። ይህን ጠለፋ ልብ በሉት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚያ ዘመን በሣር ሜዳው ላይ አንድ መንግሥት አልነበረም። ሞንጎል፣ ታታር፣ መርኪት፣ ከራይት፣ ናይማን የሚባሉ ነገዶች ነበሩ። አንዱ የሌላውን ፈረስ ይነዳል፤ ሴት ይጠልፋል፤ ደም ይመላለሳል። ሰሜን ቻይናን የሚገዛው ጂን የሚባለው መንግሥት ደግሞ ጠቡን ያፋፍመዋል። አንዱ ነገድ የበረታ እንደ ሆነ ሌላውን አስታጥቆ ያስመታዋል። ሁሉም ደክመው እንዲኖሩ ነበር ፍላጎቱ።

ተሙጂን 9 ዓመት ሲሆነው አባቱ ሊያጭለት ወደ ሌላ ጎሣ ወሰደው። የታጨችለት ልጅ ቦርቴ ትባላለች፤ በአንድ ዓመት ትበልጠዋለች። በልማዱ መሠረት ልጁን አማቶቹ ዘንድ ትቶ አባትየው ብቻውን ተመለሰ። መንገድ ላይ ታታሮች ድግስ ላይ ሆነው አገኛቸው። ውሃ ጠምቶት ነበርና ወረደ። ታታሮቹ ግን አወቁት፤ የድሮ ደመኛቸው ነው። መርዝ ቀላቅለው አጠጡት። ቤቱ እንደ ደረሰ ሞተ።

አሁን የመጣው ከአባት ሞት የባሰ ነው። ታይቺዩድ የሚባሉት የገዛ ዘመዶቹ ተሰበሰቡና፣ መበለትና ሕፃናት የያዘ ቤት አይመራንም ብለው፣ ከብቱን ነድተው ሄዱ። ሆኤሉን ፈረስ ላይ ወጥታ የባልዋን ዓርማ ይዛ ተከተለቻቸው። ጥቂቶቹን መለሰች፤ እነሱም ውለው አድረው ጥለዋት ሄዱ። ሴትዮዋ ከትናንሽ ልጆችዋ ጋር ሜዳ ላይ ቀረች። ቀሚሷን አሸርጣ ወንዝ ለወንዝ እየወጣች እየወረደች የዱር ፍሬ ለቀመች፤ ሥር ማሰች፤ የዱር ሽንኩርት ነቀለች። ልጆቹ መርፌ አጥፈው መንጠቆ ሠሩና ዓሣ አጠመዱ። ለከብት አርቢ ሰው ዓሣ መብላት የድህነት መጨረሻ ነበር።

በዚሁ የረሃብ ጊዜ አንድ መጥፎ ነገር ሆነ። ተሙጂን ከሌላ እናት የተወለደ ቤክተር የሚባል ወንድም ነበረው። ቤክተር ያጠመዱትን ዓሣ ነጠቃቸው። ተሙጂንና ታናሹ ካሣር ከኋላና ከፊት ሆነው በፍላጻ ወጉትና ገደሉት። በአንድ ዓሣ! እናታቸው ይህን ስታውቅ ከጥላችሁ በቀር ጓደኛ በሌላችሁ ሰዓት ይህን ታደርጋላችሁ ወይ ብላ እንደ አራዊት ቆጥራ ረገመቻቸው። ይህን ታሪክ የጻፉት ራሳቸው ሞንጎሎች ናቸው። እነሱ ካልደበቁት እኛ ለምን እንደብቀው?

ከዚያ በኋላ ታይቺዩዶች ልጁ አድጎ ይበቀለናል ብለው ፈሩ። አድነው ያዙትና አንገቱና እጁ ላይ የእንጨት ቀንበር አገቡበት። በየቀኑ ከድንኳን ወደ ድንኳን እያዛወሩ ያሳድሩት ጀመር። ከተረኞቹ ቤቶች አንዱ የሶርካን ሺራ ነበር። ይህ ሰው ባለሥልጣን አይደለም፤ ሌላውን የሚያገለግል ድኃ ነው። ሥራው የባዝራ ወተት መናጥ ነው። ልጆቹ አዘኑለትና እንዲተኛ ሌሊት ቀንበሩን አላሉለት።

አንድ ማታ ታይቺዩዶች ድግስ ላይ ሳሉ ተሙጂን ጠባቂውን በቀንበሩ መትቶ ጣለና አመለጠ። ወንዝ ውስጥ ገብቶ ፊቱን ብቻ ከውሃ አውጥቶ ተኛ። በጨረቃ ሲፈልጉት ያየው ያው ሶርካን ሺራ ሆነ። አልተናገረም። እንዲያውም ፈላጊዎቹን በሌላ አቅጣጫ መለሳቸው። ተሙጂን ወደ አማቶቹ ወይም ወደ እናቱ አልሮጠም። በጨለማ የሰውየውን ቤት ፈልጎ ሄደ። ቤቱን እንዴት አወቀው? በሚናጠው ወተት ድምፅ። ሌሊቱን ሙሉ ሲናጥ የሚያድር ሌላ ቤት አልነበረምና።

ሶርካን ሺራ ሲያየው በጣም ደነገጠ። ቢያዝ ቤተሰቡ በሙሉ ያልቃል። ልጆቹ ግን ቀንበሩን ሰብረው እሳት ውስጥ ጨመሩት፤ ተሙጂንን ከቤቱ ጀርባ በቆመ ጋሪ ላይ በተከመረ የበግ ፀጉር ውስጥ ቀበሩት። በሦስተኛው ቀን ፈታሾች መጡ። ፀጉሩን ከአፉ ጀምረው መጎተት ያዙ። እግሩ ሊታይ ጥቂት ሲቀር ሶርካን ሺራ፣ በዚህ ሙቀት ፀጉር ውስጥ ሰው ይኖራል ወይ አላቸው። እውነት ነው ብለው ሄዱ። ሲመሽ አንዲት ባዝራ፣ የተቀቀለ የበግ ሥጋና ቀስት ከሁለት ፍላጻ ጋር ሰጥቶ ሸኘው።

ይህን ታሪክ ያስረዘምነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዘመድ ጣለው፤ ባዳ አነሣው። ኋላ ተሙጂን የሠራው ሥራ ሁሉ ከዚህ የሚመዘዝ ይመስለናል። ሌላም ጊዜ ስምንት ፈረሶቹን ሌቦች ነድተውበት ዱካ ሲከተል፣ ቦርቹ የሚባል የማያውቀው ወጣት ባዝራ ሲያልብ አገኘውና ለአባቱ እንኳ ሳይናገር አብሮት ሄደ። ፈረሶቹን ሲያስመልሱ ድርሻ ውሰድ ቢለው፣ እንቢ አለ። ቦርቹ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ከተሙጂን አልተለየም።

ተሙጂን ሲጎለምስ ቦርቴን አገባ። ከአማቶቹ የመጣ አንድ ጥቁር ካባ ነበር፤ ውድ ከሆነ የዱር አውሬ ቆዳ የተሠራ። ሌላ ሰው ቢሆን ለብሶት ይኮራበት ነበር። እሱ ግን የከራይት ነገድ ገዢ ለነበረው ለቶግሩል ወሰደለት። ቶግሩል የአባቱ የመሐላ ወንድም ነበር። ካባውን ተቀብሎ እንደ ልጁ ሊረዳው ቃል ገባለት።

እግረ መንገዳችንን አንድ የሚገርም ነገር እናንሣ። ከራይቶች ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ነበሩ። በዚያ ዘመን አውሮፓውያን በሩቅ ምሥራቅ ካህንም ንጉሥም የሆነ ዮሐንስ የሚባል ክርስቲያን አለ እያሉ ያወሩ ነበር። ማርኮ ፖሎ የሚባለው መንገደኛ ያ ሰው ቶግሩል ነው ብሎ ጻፈ። አውሮፓውያን በእስያ ፈልገው ሲያጡት ወሬውን ወደ አፍሪካ አዞሩትና የኢትዮጵያን ንጉሥ በዚህ ስም መጥራት ጀመሩ። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሲመጡ ይህን ንጉሥ አገኘን ብለው ነበር። ወደ ነገራችን እንመለስ።

ያ የቆየ የጠለፋ ቂም አሁን ተነሣ። መርኪቶች ሆኤሉን የተወሰደችባቸውን አልረሱም። አንድ ሌሊት 300 ሆነው መጡ። ቤተሰቡ በፈረስ ወደ ተራራ ሸሸ። ለቦርቴ ፈረስ አልተረፈም። መርኪቶች ወሰዷትና ሆኤሉን ካገባችው ሰው ወንድም ጋር አኖሯት። ተሙጂን ቶግሩልን ለመነ። የልጅነት ጓደኛውና የመሐላ ወንድሙ ጃሙካም ጦር ይዞ መጣ። ሦስቱ አንድ ላይ ሆነው መርኪቶችን ወጉ፤ ቦርቴ ተመለሰች። ከተመለሰች በኋላ ልጅ ወለደች። ጆቺ ተባለ። የማን ልጅ ነው የሚለው ሐሜት በጭራሽ አልጠፋም፤ ኋላ ወንድማማቾቹን በአባታቸው ፊት አጣልቷቸዋል። ተሙጂን ግን የበኩር ልጄ ነው አለ። ከዚያም አልተናወጠም።

ከጃሙካ ጋር አንድ ዓመት ተኩል ያህል በአንድነት ሰፈሩ። በኋላ ተለያዩ። ሁለቱም ያንኑ ሜዳ መግዛት ይፈልጋሉ፤ አንድ ሜዳ ደግሞ ለሁለት ገዢ አይበቃም። ተዋጉ፤ ተሙጂን ተሸነፈ። ጃሙካ ምርኮኞቹን በ70 ትልልቅ ድስት ቀቀላቸው ይባላል። ይህ ጭካኔ ግን ራሱን ጎዳው። ብዙ ሰው እየከዳው ወደ ተሸነፈው ወደ ተሙጂን ሄደ።

ሰዎቹ ወደ ተሙጂን ለምን ሄዱ? እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር። በሣር ሜዳው ልማድ በጦርነት የተገኘ ምርኮ የፈጠነው ነው። ጦሩ ጠላትን ማባረር ትቶ ዕቃ ሽሚያ ይገባል። የሚጠቀመው ብዙ ፈረስና ብዙ አሽከር ያለው ባላባት ነው። ተሙጂን በ1202 ታታሮችን ሲወጋ አዲስ ሕግ አወጣ። ጠላት ፈጽሞ ሳይሸነፍ ማንም ምርኮ አይንካ፤ ሲያልቅ ሁሉም ተሰብስቦ በድርሻ ይከፈላል አለ። የአባቱ ወንድምና ሌሎች ሁለት የቅርብ ዘመዶቹ ሕጉን ጣሱ። ዘመድ ናቸው ብሎ አልማራቸውም፤ የዘረፉትን ሁሉ ነጠቃቸው። እነሱ አኮረፉ። ተራው ወታደር ግን አየ።

በዚሁ ዓመት ታታሮች ተሸነፉ። ተሙጂንና ዘመዶቹ መክረው የአባታቸውን ደም ለመመለስ፣ ቁመቱ ከጋሪ ጎማ መቀርቀሪያ የሚበልጥ ወንድ ሁሉ እንዲታረድ ወሰኑ። እንዲያውም አደረጉት። የተረፉት ሕፃናትና ሴቶች በሞንጎሎች መካከል ተበተኑ። ድርሻ የሚያካፍለውና ነገድ የሚያርደው አንድ ሰው መሆኑን መርሳት የለብንም።

በ1203 ደጋፊው የነበረው ቶግሩል ተቃወመው። ተሙጂን መጀመሪያ ተሸነፈ፤ ከጥቂት ሰዎች ጋር ባልጁና በሚባል ቦታ ጭቃ ውሃ ጠጥቶ ተማማለ። በዚያው ዓመት ከራይቶችን ድግስ ላይ ሳሉ ከብቦ አሸነፋቸው። በ1204 ናይማኖችን ድል አደረገ። ጃሙካ ብቻውን ቀረ፤ የራሱ ሰዎች ይዘው አመጡት። ተሙጂን አስቀድሞ የገደለው ጌታቸውን አሳልፈው የሰጡትን ሰዎች ነው። ከዚያ ጃሙካም ሞተ።

ከናይማኖች ጋር አንድ ሰው ተማረከ። ታታ ቶንጋ ይባላል፤ ኡይጉር ከሚባል ሕዝብ የተወለደ ጸሐፊ ነው። ሲሸሽ እቅፉ ውስጥ የጌታውን ማኅተም ይዞ ነበር። ማኅተሙ ምን ያደርጋል ብለው ጠየቁት። እህልና ገንዘብ ሲሰበሰብ፣ ሰው ሲሾም፣ ትእዛዙ የንጉሡ መሆኑ በዚህ ይታወቃል አላቸው። ተሙጂን ነገሩን ወደደው። በኡይጉር ፊደል የሞንጎል ቋንቋ እንዲጻፍና ልጆቹ እንዲማሩ አዘዘ። ከዚያ በፊት ሞንጎሎች የሚጽፉበት ፊደል አልነበራቸውም። ታታሮች ሰፈር ወድቆ የተገኘና ሆኤሉን ያሳደገችው ሺጊ ኩቱኩ የሚባል ልጅ ፊደል ተማረና ዳኛ ሆነ። ማን ምን እንደ ተካፈለ፣ ምን ፍርድ እንደ ተሰጠ በሰማያዊ መዝገብ እንዲጽፍ ታዘዘ። የተጻፈውን ማንም እንዳይለውጥ ተከለከለ። ተሙጂን ራሱ ግን እስኪሞት ድረስ ማንበብ አልቻለም። እንግዲህ ይህን ገጽ የሚያነብ አንባቢያችን ያ ሁሉ አገር የገዛው ሰው የማይችለውን እያደረገ ነው።

በ1206 በኦኖን ወንዝ ምንጭ አጠገብ ታላቅ ጉባኤ ተደረገ። ተሙጂን ጄንጊስ ካን ተብሎ ነገሠ። ካን ማለት ገዢ ማለት ነው።

በዚህ ጉባኤ ሕዝቡን እንደ ገና አዋቀረው። 10 ወታደር አንድ አለቃ ይኖረዋል። 10 አሥር አንድ መቶ ይሆናል፤ 10 መቶ አንድ ሺህ፤ 10 ሺህ ደግሞ እልፍ። ወደ 95 የሚሆኑ ሺዎች ተመሠረቱ። ነገሩ የወታደር ቁጥር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እያንዳንዱ ሺህ ከነቤተሰቡና ከነከብቱ የሚኖርበት ሰፈር ነው። ታታሩ፣ ከራይቱ፣ መርኪቱ፣ ናይማኑ ተደባልቀው ተመደቡ። ከተመደቡበት መልቀቅ የተከለከለ ነው። የማን ዘር ነህ የሚለው ቀርቶ የማን ሺህ ነህ የሚለው ተተካ። በጦር ሜዳ ጓዶቹን ጥሎ የሚሸሽ ሰው ይገደላል። ከአሥሩ ጥቂቱ ቢሸሹ አሥሩም ተጠያቂ ናቸው።

አለቆቹስ እነማን ሆኑ? ሱቡታይ የሚባለው ታላቅ የጦር አዛዥ የአንጥረኛ ልጅ ነው። ጄቤ የሚባለው ደግሞ በጠላት ወገን ሆኖ የተሙጂንን ፈረስ በፍላጻ የገደለ ሰው ነው። ሲማረክ ማን ነው የወጋው ተብሎ ቢጠየቅ እኔ ነኝ አለ። አልዋሸምና ማረው፤ ሾመውም። ወተት የሚንጠው ሶርካን ሺራ ከነልጆቹ ግጦሽ ተሰጠው፤ ከግብር ነፃ ሆነ።

ውጊያቸው በፈረስ ነው። አንድ ወታደር ሦስት አራት ፈረስ ያስከትላል፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ላይ ይወጣል። ስንቅ የሚጭን ብዙ አጋሰስ አያስፈልገውም፤ የባዝራ ወተትና የደረቀ እርጎ ይበቃዋል። እርካብ ላይ ቆሞ፣ ፈረሱ እየጋለበ፣ ወደ ኋላ ዞሮ ይወረውራል። የሚወዱት ዘዴ የሸሹ መምሰል ነው። ጠላት አሸነፍኩ ብሎ ሲከተል፣ ሲበታተን፣ ዞረው ይከቡታል።

የከተማ ግንብ ግን መጀመሪያ ላይ አቃታቸው። በ1209 የታንጉቶችን ከተማ ከበው፣ ወንዝ ገድበው ከተማውን ለማጥለቅለቅ ሞከሩ። ግድቡ ተደረመሰና ውሃው የራሳቸውን ሰፈር አጥለቀለቀው! ስህተት ግን አያሳፍራቸውም። በ1211 ሰሜን ቻይናን መውጋት ሲጀምሩ የቻይና ባለሙያዎችን እየማረኩ፣ ድንጋይ የሚወረውር መሣሪያ እያሠሩ፣ ግንብ ማፍረስ ተማሩ። ዛሬ ቤይጂንግ የምትባለው ከተማ በ1215 ወደቀች።

ከዚያ ወደ ምዕራብ ዞሩ። በመካከለኛው እስያ ኸዋሪዝም የሚባል ትልቅ የእስላም መንግሥት ነበር። ሡልጣኑ መሐመድ ይባላል። ጄንጊስ ካን በ1218 ንግድ ፈልጎ ወደ 450 የሚሆኑ ነጋዴዎች ላከ። ኦትራር ከተማ ሲደርሱ የከተማው ገዢ ሰላዮች ናችሁ ብሎ ፈጃቸው፤ ንብረታቸውንም ወሰደ። ጄንጊስ ካን ገዢው ይሰጠኝ ብሎ መልእክተኞች ላከ። ሡልጣኑ አንዱን ገደለ፤ የሌሎቹን ጢም ላጭቶ ሰደዳቸው። የዚህን ትዕቢት ዋጋ የከፈለው ሡልጣኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ።

ጦርነቱ በ1219 ተጀመረ። ሡልጣኑ ጦሩን አንድ ላይ ከማሰለፍ ይልቅ በየከተማው በትኖት ነበር። ጄንጊስ ካን ማንም አያልፈውም በተባለ በረሃ በኩል መጥቶ በ1220 መጀመሪያ ቡኻራ በር ላይ ቆመ። ቀጥሎ ሳማርካንድ ወደቀች። ሡልጣኑ ከከተማ ከተማ ሸሽቶ በካስፒያን ባሕር ውስጥ ባለች ደሴት ላይ ሞተ። በ1221 ኡርጌንች፣ መርቭ፣ ኒሻፑር ጠፉ። ሳይዋጋ እጁን የሰጠ ከተማ ብዙውን ጊዜ ግብር ከፍሎ ይተርፋል። የተዋጋ ወይም እጁን ሰጥቶ ያመፀ ግን ይፈጃል። አንጥረኛው፣ ሸማኔው፣ አናጢው ተለይቶ ወደ ሞንጎሊያ ይነዳል። መርቭ ላይ የሞተው ሰው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው ብለው የዚያ ዘመን ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ከተማው ያን ያህል ሰው አይዝም ነበርና የዛሬ ሊቃውንት ቁጥሩን አይቀበሉትም። እልቂቱን ግን አንድም የካደ የለም።

ገበሬውስ? ሞንጎሎች አንድ ከተማ ከመክበባቸው በፊት በዙሪያው ያለውን የገጠር ሰው ይሰበስባሉ። ሞፈርና ቀንበሩን ጥሎ የመጣውን ገበሬ የከተማውን ጉድጓድ አፈር እንዲሞላ፣ መሣሪያ እንዲጎትት ያስገድዱታል። ከፊታቸው አሰልፈው ወደ ግንቡ ይነዱታል። ከላይ የሚወርደው ፍላጻና ድንጋይ መጀመሪያ የሚያርፈው በሱ ላይ ነው። ቢያፈገፍግ ከኋላ ሞንጎሎቹ ይገድሉታል። በግንቡ ላይ ያለው ወታደር ደግሞ ወደ ታች ሲያይ የገዛ አገሩን ሰው ነው የሚያየው።

ያ አገር ዝናቡ ጥቂት ነው። እርሻው የሚጠጣው በመስኖ ነው። ውሃ ከተራራ ሥር ከመሬት በታች በተቆፈረ ቦይ ረጅም መንገድ ይመጣል። ቦይ ማለት ደግሞ እናንተው እንደምታውቁት በየዓመቱ ካልተጠረገ ደለል ይሞላዋል። የሚጠርገው ሰው ሲያልቅ ወይም ሲሸሽ ውሃው ቀረ፤ ውሃው ሲቀር ማሳው አሸዋ ሆነ። ከተማ ከተቃጠለ በጥቂት ዓመት ይሠራል። አንዳንዱ የመስኖ አገር ግን ከብዙ ትውልድ በኋላም እንደ ቀድሞው አልሆነም።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ እርስ በርሳችን ተከራክረናል። አንዳንዶቻችን፣ የተጣለ የሙት ልጅ ተነሥቶ የባላባቱን የዘር ኩራት ሰበረ፤ የአንጥረኛ ልጅ ሾመ፤ ፊደል አስገባ፤ እንዲህ ያለ ሰው ይደነቃል አልን። ሌሎቻችን፣ የተሾመው የአንጥረኛ ልጅ የሌላ አገር አንጥረኛ ለመማረክ አይደለም ወይ፣ ምኑ ይደነቃል አልን። አልተስማማንም። አንድ ነገር ግን ሁላችንም አየን። ያ በድርሻ የሚካፈል ሠራዊት የሚኖረው በምርኮ ነው። ምርኮ ያለ ጦርነት አይገኝም። ስለዚህ ጄንጊስ ካን በሣር ሜዳው ላይ ደም መመላለስን ካቆመ በኋላ ጦርነቱን ወደ ውጭ ማውጣት ነበረበት፤ አለዚያ ሺዎቹ እርስ በርሳቸው ይበላሉ።

በ1222 ሰውየው አረጀ። በአፍጋኒስታን ተራሮች ሳለ ቺዩ ቹጂ የሚባል ከ70 ዓመት በላይ የሆነው የቻይና መነኩሴ ከብዙ ወራት ጉዞ በኋላ እሱ ዘንድ ደረሰ። ጄንጊስ ካን ሞት የሚያስቀር መድኃኒት አለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። መነኩሴው፣ ዕድሜ የሚጠብቅ ኑሮ አለ፤ ሞት የሚያስቀር መድኃኒት ግን የለም አለው። ካኑ እውነቱን ስለ ነገረው አመሰገነው።

ጄንጊስ ካን በነሐሴ 1227 ታንጉቶችን እንደ ገና ሲወጋ ሞተ። የተቀበረበትን ቦታ እንዳይታወቅ ደበቁት። እስከ ዛሬ አልተገኘም።

በ1229 ሦስተኛ ልጁ ኦጎዴይ ነገሠ። አሁን አብዛኛው ሰሜን ቻይና በሞንጎሎች እጅ ነው። አንዳንድ የሞንጎል ሹማምንት፣ እነዚህ አራሾች ለምንም አይጠቅሙንም፤ እናጥፋቸውና መሬቱ ሣር ያብቅል፤ ግጦሽ ይሁን ብለው መከሩ። የቀልድ ምክር አልነበረም። የፈረሰኛ ሰው ዓይን ማሳን የሚያየው ሣር የተነቀለበት መሬት አድርጎ ነው።

የሉ ቹጻይ የሚባል ጸሐፊ ነበር። ቀድሞ የጂንን መንግሥት ያገለገለ፣ በ1218 ጄንጊስ ካን ዘንድ የመጣ የተማረ ሰው ነው። ስለ ርኅራኄ ቢናገር ማንም እንደማይሰማው ያውቃል። ስለዚህ ሒሳብ አወጣ። ገበሬው በመሬቱ ላይ ቢቆይ፣ ነጋዴው ቢነግድ፣ በዓመት 500 ሺህ የቻይና ወቄት ብር፣ 80 ሺህ ጥቅል ሐር፣ ከ400 ሺህ መስፈሪያ በላይ እህል ይገባል፤ እንዴት አይጠቅሙም ይባላል አለ። ኦጎዴይ እስቲ ሞክረው አለው።

ቹጻይ በ1230 አሥር የግብር መሥሪያ ቤቶች አቋቁሞ የተማሩ ሰዎች ሾመባቸው። በ1231 መከር ላይ ኦጎዴይ ወደ አካባቢው ሲመጣ ብሩና ሐሩ ፊቱ ተደረደረ፤ የጎተራዎቹም መዝገብ ቀረበለት። ቁጥሩ ቹጻይ እንዳለው ሆነ። ካኑ ከመቀመጫው ሳትነሣ ይህን ሁሉ ከየት አመጣኸው ብሎ ሳቀ፤ በዚያው ዕለትም ጽዋ ሰጥቶ የጸሐፊዎች ሁሉ አለቃ አደረገው።

ማሳው ግጦሽ ሳይሆን ቀረ። ገበሬው በመሬቱ ላይ ቆየ፤ ብሩን፣ ሐሩንና እህሉንም በየዓመቱ ከፈለ።